ያለ ጓንት የተመረጠ ፕላስተር

ባልደረቦቼ፣ ይህ ዛሬ የምንሸኘው ሰው መጀመሪያ ወደዚህ ትምህርት ቤት የገባው ቀለም ቀቢ ነው ተብሎ ነው። ጥፋቱ የጥበቃው አልነበረም። በሁለት ክንዶቹ ላይ፣ ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ፣ የወረቀት ፕላስተር ጥቅልል እንደ አምባር ደርድሮ የመጣን ሰው ሌላ ምን ይበለው? ቀለም ቀቢዎች የመስኮት ጠርዝ የሚሸፍኑበት ቢጫው ፕላስተር አለ፣ ሰማያዊው አለ፣ አረንጓዴው አለ። የጊዜው ርእሰ መምህር ደግሞ ቢሯቸው እንዲቀባላቸው ከጠየቁ ቆይተዋል። ጥበቃው እየመራ ወስዶ እዚያው አስገባው።

እኔ በዚያ ሰዓት የሒሳብ ፈተና ላስፈርም ቢሮው ውስጥ ተቀምጫለሁ። ርእሰ መምህሩ ቀና አሉና «እሰይ፣ መጣህ? ከየትኛው ግድግዳ ትጀምራለህ?» አሉት። እሱ እንግዳ ነው፤ የመምህራን መቅጠሪያ ፈተና መሰለው መሰለኝ፣ ወደ ግድግዳው ሄደ። በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ከክንዱ አንዱን ጥቅልል አወጣና ቁራጭ ለጠፈ። ጠበቀ። ቀስ አድርጎ ላጠው። ከዚያ ዞር ብሎ «ቆይ፣ ይሄ ግድግዳ እኮ ውስጡ እርጥብ ነው» አለ።

ርእሰ መምህርን «ቆይ» ያለ ሰው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እውነትም ከግድግዳው ጀርባ ያለው ቧንቧ ያፈስስ ኖሯል። ቧንቧው ተጠገነ፣ ቀለም ቀቢው የእጅ ሥራ መምህር መሆኑ ታወቀ፣ «ቆይ» የሚለው ስም ግን እዚያው ተለጥፎበት ቀረ። ተማሪዎች «ጋሽ ቆይ» ይሉታል። እኔ በዕድሜም በጡረታም ስለምቀድመው አንተ እለዋለሁ። መዝገብ ላይ ያለውን ስሙን አሁን ብጠራው ግማሾቻችሁ «ደግሞ ማን ነው እሱ?» ትላላችሁ።

ወደ ጨዋታው ከመመለሴ በፊት ስለ መስኮቶቹ ልናገር። የተከፈቱት ረስተናቸው አይደለም። የበረደው ሰው ካፖርቱን ይደርብ፤ መስኮት የሚዘጋ ግን የለም። ሽኝቱ እሱ ዕድሜውን በጨረሰበት የእጅ ሥራ ክፍል ሳይሆን እዚህ መመገቢያ አዳራሽ የሆነውም፣ ሁላችሁም የታጠበ ልብስ ለብሳችሁ ኑ የተባላችሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ሰው ጡረታ የሚወጣው ዕድሜው ደርሶ አይደለም። ያ ክፍል አሳምሞት ነው። ዛሬም የመጣው በብዙ ልመና ነው፤ ሲመጣም «የመጨረሻዬ ነው፤ ከዛሬ በኋላ እኔም ግቢያችሁ አልገባም፣ እናንተም ቤቴ አትምጡ» ብሎኛል። የሽኝት ንግግር አድርግ ስባል እሺ ያልኩት ይህን ቃሉን እንዲለውጥ ልለምነው ነው። ገና ስላልለመንኩህ፣ ጋሽ ቆይ፣ ፊትህን አታዙርብኝ።

በቅደም ተከተል ልሂድ። አዲስ ለመጣችሁ መምህራን ሥራውን ባጭሩ ላስረዳ። በዚያ ክፍል ተማሪዎች ለቀስት ውርወራ ቡድናችን ደጋን ይሠራሉ። እንደ ማስመሪያ የሳሳ እንጨት በመሃል ይሆናል፤ ከላይና ከታች ከመስታወት ክር የተሠራ ስስ የፋይበርግላስ ዝርግ፤ በየመካከሉ ማጣበቂያ። ይህ ሁሉ በጎባጣ የእንጨት ቅርጽ ላይ ይደረደርና በብረት ማጥበቂያ ተወጥሮ፣ በአምፖል በሚሞቅ ሣጥን ውስጥ ያድራል። በማግስቱ ደጋን ሆኖ ይወጣል።

ፕላስተሩ የሚያስፈልገው ማጣበቂያው ሲጨመቅ በየጎኑ ስለሚፈስስ ነው። የፋይበርግላሱን ፊት እንዳያበላሸው ፊቱ አስቀድሞ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። ሲደርቅ ፕላስተሩ ከነፈሰሰበት ማጣበቂያ ይላጣል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ፕላስተሩ በደንብ የማይዝ ከሆነ ማጣበቂያው ከሥሩ ይገባል። አጥብቆ የሚይዝ ከሆነ ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ ሲሞቅ ሙጫውን እዚያው ትቶ ወረቀቱ ብቻውን ይመጣል። ወረቀቱ ስስ ከሆነ መሃል ላይ ይቀደዳል፤ የቀረውን በጥፍር ሲፍቁ መዋል ነው። በስለት ልፋቀው ያለ ፋይበርግላሱን ይጭረዋል፣ የተጫረ ደጋን ደግሞ በተጫረበት ይሰበራል። እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ፤ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ፈልጌ አይደለም። ከዚህ ሰው ጋር ምሳ የበላ ሁሉ ያውቀዋል።

ፕላስተር ሲመርጥ ያላየው የለም። አዲስ ጥቅልል ሲመጣለት መጀመሪያ ያሸተዋል። ቀጥሎ ጆሮው አጠገብ ይዞ ትንሽ ይጎትተዋል፤ ሲላቀቅ የሚጮህ ፕላስተር አይወድም፣ «ይሄ ሲለያይም ይጣላል» ይላል። አንዱን ቁራጭ በተሰበረ ደጋን ላይ ለጥፎ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ያቆመዋል። ሌላውን ቁራጭ እጅጌው ላይ ይለጥፈዋል፤ የሰውነት ሙቀትም ሙቀት ነው በሚል። ከዚያ እጅጌው ላይ ያለውን ይረሳዋል።

አንድ ጊዜ የወላጆች ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ስለ ልጆች ሥነ ሥርዓት ይናገራል። ደረቱ ላይ አረንጓዴ፣ ክርኑ ላይ ሰማያዊ፣ ከኋላው አንገትጌው ላይ ቢጫ። አንድ አባት እጃቸውን አወጡና «መምህር፣ ይቅርታ፣ የዋጋው ወረቀት ሳይነሣ ነው እንዴ የለበሱት?» አሉት። እሱ ደረቱን አየና አረንጓዴውን ቀስ ብሎ ላጠ። ሸሚዙን ወደ ብርሃን ዘወር አድርጎ ተመለከተው። «ምንም አልተወም» አለ፣ ደስ ብሎት። ስብሰባው ስለ ምን እንደነበር እስካሁን የሚያስታውስ ወላጅ የለም።

ባለቤቱ አጠገቡ ተቀምጣለች፤ ከዋሸሁ ታርመኝ። አንድ ቀን «ቤት ውስጥ ፕላስተር የማላገኝበት ቦታ የለም፣ ትራሱ ላይ እንኳ» ብላ ስትነግረኝ፣ «ታዲያ ምን ትያለሽ?» አልኳት። «ምን እላለሁ፣ እኔ እኮ ሁለተኛ ሚስት ነኝ። መጀመሪያ ያገባው ጥቅልሉን ነው።»

የዕቃ ግምጃ ቤታችን እመቤትም ያችውና እየሳቀች ነው፤ ምን ልናገር እንደሆነ ገብቷታል። በመጣችበት ዓመት አረንጓዴው አለቀና እሱ ሊጠይቅ ሄደ።

«ጋሼ፣ ፕላስተር ፕላስተር ነው። ቢጫው ሞልቷል፣ እሱን ይውሰዱ» አለችው።

«ልጄ፣ አንቺ ባል ባል ነው ብለሽ ነው ያገባሽው?»

«አዎ። ለዚህ እኮ ነው ፕላስተር ላይ አይድከሙ የምልዎት።»

ቢጫውን ይዞ ሄደ። በማግስቱ ከሣጥኑ የወጣው ደጋን ቆዳው የተላጠ ሰው ይመስል ነበር። ፕላስተሩ የሙጫ ጭቃ ሆኖ ቀርቷል። እሱ አልተቆጣም፤ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ በአውራ ጣት ጥፍር ሲፍቁት ዋሉ። ሲመሽ ተሸክሞት ግምጃ ቤት ሄደና ጠረጴዛዋ ላይ አጋደመላት። እሷም ገልበጥ አድርጋ አይታ «ቢያንስ ይሄ ፕላስተር ከሥራው አይለቅም» አለች። ደጋኑ ዛሬም ከወንበሯ በላይ ተሰቅሏል። አረንጓዴው ግን ከዚያ ወዲህ አልቆ አያውቅም።

ስለ ጓንቱም ስንቀልድ ነው የኖርነው። ማጣበቂያው ሰውነት እንዳይነካ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆሞ የእያንዳንዱን ተማሪ እጅ እያገላበጠ ያያል። ጓንት ያላደረገ አይገባም። አንድ ተማሪ አንዱን ጣት በቀዳዳ አውጥቶ ቢገኝ ያን ቀን ሥራ የለውም። ደጋኑ ተደርድሮ፣ ማጣበቂያው ተቀብቶ፣ ንብርብሩ እንዳይንሸራተት ዙሪያውን በፕላስተር ማሰር ሲደርስ ግን እሱ ራሱ ምን ያደርጋል? ጓንቱን ያወልቃል። «ጓንትና ፕላስተር አንዴ ከተገናኙ ሽማግሌ ሳይገባ አይላቀቁም» ይላል። ደግሞ ፕላስተሩ ከጠበቀ ንብርብሩን ያጣምመዋል፣ ከላላ ያንሸራትተዋል፤ ልኩን የሚያውቀው ጣት ነው ይላል። እኛም በመስኮት እያየን «ሐኪሙ ራሱ አጫሽ ነው» እያልን እንስቃለን።

ከዚህ በኋላ ያለው አያስቅም።

መጀመሪያ በጣቶቹ መካከል ቆዳው መሰነጣጠቅ ጀመረ። ሳሙናው ነው አለ። ሲብስ ብርዱ ነው አለ። ሲደማ ጊዜ ሽንኩርት ስከትፍ ነው አለኝ፤ ባለቤቱን ብጠይቃት «የሽንኩርት መክተፊያው የት እንዳለ ቢያሳይህ እኔ ከቤት እወጣለሁ» አለችኝ። ከዚያ አንድ ጠዋት የዓይኑ ቆብ አብጦ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ ስቀንበት ነበር። እሱም ሳቀ። ያኔ ግን ልብ ብዬ አየሁት፤ ሲስቅ ትንፋሽ አጠረው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከክፍሉ ደጃፍ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከውስጥ ተማሪዎቹ ይንጫጫሉ። «ምነው?» አልኩት። «ቆይ» አለኝ። ያን ቃል ከአፉ ስሰማው የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እንደዚያ አድርጎ ግን ብሎት አያውቅም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ደወል እስኪደወል ድረስ ትንፋሹን ሲሰበስብ ቆየ።

ሐኪም ዘንድ አብሬው ሄጄ ነበር። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ በትዕግሥት አስረዳችው። ሰውነቱ ማጣበቂያውን ለዓመታት ጥቂት በጥቂት ሲቀበል ኖሮ በመጨረሻ ጠላቴ ነው ብሎ ቆርጧል። ከዚህ በኋላ ቢነካው ብቻ ሳይሆን፣ ትነቱ ባለበት ክፍል ቢገባ፣ ልብሱ ላይ የያዘ ሰው ቢቀርበው እንኳ ሕመሙ ይነሣበታል። «ይታረቃሉ ወይ?» አላት። «አይታረቁም አባቴ» አለችው። «ፕላስተሩስ?» አላት። «የምን ፕላስተር?» አለች። እኔ ሳስረዳት ፈገግ ብላ «ፕላስተሩ ምንም አላደረገዎትም» አለችው። ስንወጣ መተላለፊያው ላይ ክንዴን ይዞ «ሰማህ? ፕላስተሩ ነፃ ነው» አለኝ። ዘመዱ ከእስር የተፈታለት ሰው ነበር የሚመስለው።

ክፍሉን የተረከበችው መምህርት እዚያ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እሱ ራሱ ያስተማራት ልጅ ናት። ከቀረ በኋላ በሳምንቱ ልትጠይቀው ከሥራ በቀጥታ ቤቱ ሄደች። የሆነውን ባለቤቱም እሷም ነግረውኛል፤ እንዳወራው ሁለቱም ፈቅደውልኛል። በሩን ስታንኳኳ ከውስጥ መጣ፤ ግን አልከፈተም።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከክፍል።»

«እጅሽን ታጥበሻል?»

«ታጥቤያለሁ።»

«ፀጉርሽንስ?»

«እሱን እንኳ አልታጠብኩም» አለች። ሰው ሊጠይቅ ሲሄድ ማን ፀጉሩን ይታጠባል?

«እንግዲያው አትግቢ ልጄ፣ እዚያው ሁኚና አውሪኝ። በየትኛው ፕላስተር ነው የምትሠሩት?»

«በአረንጓዴው።»

«ጓንት አድርገሽ እንዴት ትይዥዋለሽ?»

«እንደ እርስዎ አወልቃለሁ።»

ይህ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደማይናገር ታውቃላችሁ። ያን ቀን በሩን በመዳፉ መታ። «እንደ እኔ አታድርጊ!» አላት። ከዚያ ሳል ያዘው፤ እሷ ከውጭ ሆና በሩን ተደግፋ ታለቅሳለች። ሳሉ ሲተወው፣ ትምህርት እንደሚያስተምር ሰው ቀስ ብሎ ነገራት። የማጣበቂያው ቆርቆሮ ሳይከፈት የሚያስፈልግሽን ፕላስተር ሁሉ ቆርጠሽ ጨርሺ። የእያንዳንዱን ጫፍ ትንሽ ወደ ውስጥ እጠፊው፤ የታጠፈው ከራሱ ጋር ስለሚጣበቅ ለጓንት መያዣ ይሆናል። በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደርድረሽ አንጠልጥያቸው። ከዚያ ጓንትሽን አድርጊ፣ ከዚያ ቆርቆሮውን ክፈቺ፤ ሥራው እስኪያልቅ ጓንትሽ ከእጅሽ አይውጣ።

«ጋሼ፣ ይሄን መቼ ደረሱበት?»

«ድሮ።»

«ታዲያ እርስዎ ለምን…»

«ደስ ይለኝ ነበራ። ፕላስተሩ ጣቴን ሲይዘኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

እሷ ዛሬ ተማሪዎቹን ሁሉ በዚያ መንገድ ነው የምታሠራቸው። የተቆረጠው ፕላስተር ጫፍ ጫፉ ታጥፎ በጠረጴዛው ዙሪያ ተንጠልጥሎ ስታዩት የልብስ ዘርፍ ይመስላል። እሱ ግን አላየውም። አያየውምም። መስኮቱ ላይ ለሙከራ የለጠፋቸው ቁርጥራጮች ፀሐይ እየመታቸው አሁንም አሉ። የጽዳት ሠራተኛዋ «ላንሣቸው?» ብላ ትጠይቃለች፤ መምህርቷ «ተያቸው» ትላታለች።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ማንም እንዳይመጣበት ያለው። እኔ ከእናንተ በፊት የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ልብሴም ስለማይሸት፣ ለእኔ በሩ ተከፍቶልኛል። «ለምን ትከለክላቸዋለህ? ታጥበው ይመጣሉ» አልኩት። እጁን አየ፤ አሁን ድኗል፣ ቆዳው እንደ ሕፃን ቆዳ ነው። «የእናንተ መምጣት ሁለት ሕመም አለው» አለኝ። «አንዱን ሐኪሟ ታውቀዋለች።» ሌላኛውን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ጋሽ ቆይ፣ አሁን ወዳንተ ዞሬያለሁ። ምስጋና አለብኝ፤ የዕድሜ ልክ መምህር በሚገባው መንገድ ላመስግንህ፣ ምን እንዳስተማርከኝ በመናገር።

አንዲት ተማሪ ለወራት የደከመችበት ደጋን ገና የመጀመሪያውን ጊዜ ስትስበው እጇ ላይ ተሰበረ። ሜዳው ላይ ሁላችንም ነበርን። ልጅቷ ፊቷን ሸፈነች። አንተ ሄደህ ስብርባሪውን ከሣሩ ላይ አንድ በአንድ ለቀምክ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥክና ቁርጥራጩን በሰልፍ ደረደርከው። ማን አጠፋ አላልክም። አይዞሽም አላልክም። «ነይ፣ የት ላይ እንደጀመረ እንፈልግ» አልካት። እሷም እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ፈለገች። አገኘችው፤ ከመያዣው ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ፕላስተር በስለት የተፋቀባት አንዲት የፀጉር ያህል ጭረት። ራሷ ነበረች የፋቀችው። «ገባኝ» አለች። ሌላ ሠራች፤ እሱም እስክትመረቅ አገለገላት፣ ከእሷም በኋላ ሌሎች ተኮሱበት።

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ የተሳሳተ መልስ ሳይ በቀይ ሰርዤ የማልፍ መምህር ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ልጁን ጠርቼ «የት ላይ እንደጀመረ እንፈልግ» ማለት ጀመርኩ። አንዳንዴ ሦስተኛው መስመር ላይ እናገኘዋለን፣ አንዳንዴ ጥያቄውን ሲያነብ። ሒሳብ የጠሉ ልጆች በዚያ ነገር ምክንያት ከእኔ ጋር ቆይተዋል። ያንተ መሆኑን አልነገርኳቸውም ነበር። ዛሬ ከመካከላቸው አምስት ስድስቱ እዚህ መምህራን ሆነው ተቀምጠዋል፤ ይስሙት።

አሁን ልመናዬ። ሁለት ሕመም አለው ብለሃል። የመጀመሪያውን እኛ እንችለዋለን። ወደ ቤትህ የምንመጣው ከሥራ ቀጥታ አይሆንም፤ ክፍሉ ተዘግቶ በሚውልበት በእሑድ፣ ፀጉራችንን ታጥበን፣ ልብሳችንን ለውጠን ነው። ምንም ይዘን አንመጣም። ሰው ቤት ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ነውሩን እንሸከመዋለን። ወሬውንም አንተ ትመርጣለህ። ደጋን ካላልክ ደጋን አንልም።

ሁለተኛው ሕመም ግን መድኃኒት የለኝም። እኔም ከወጣሁ በኋላ ለብዙ ጊዜ ምሳ ልበላ ስል እጄን አራግፍ ነበር፤ ጠመኔ ያለበት ይመስለኛል። ምንም የለበትም። ይለቅሃል ብዬ አልዋሽህም። የማውቀው፣ ሰው አጠገብህ ተቀምጦ ሲያወራህ እጅህን ማራገፍ ለጥቂት ጊዜ ትረሳለህ። ያን ጥቂት ጊዜ አትከልክለን። እኛም ያስፈልገናል፤ አንተ የሌለህበት ግቢ አይሞቅም።

እንግዲህ ተነሡልኝ፣ ብርጭቆአችሁንም ያዙ። ትንፋሽህ ረጅም ይሁን። የዳነው እጅህ አይታመም። ጥቅልሉን አልፋ ለብቻዋ የምታገኝህ ባለቤትህ ጠግባ ትይህ። ክፍሉን የተረከበችው ልጅህ ጓንቷን ሳታወልቅ እርጅና ይድረሳት።

መልስህን አሁን አልጠብቅም። እሑድ ጠዋት እንመጣለን። በሩን ከከፈትክልን እንገባለን። ካልከፈትክልንም ደጃፉ ላይ እንቀመጣለን፤ ወንበር እንደምታወጣልን ባለቤትህ ቃል ገብታልኛለች። ለጤናህ፣ ወንድሜ።